ፀጉር «የሚያጠነክር» ሴረም ስትመርጡ፦ ንጥረ ነገሮቹን እንዴት እናወዳድር?

«ፀጉር ያጠነክራል» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ሁለት ጠርሙሶች አንስታችሁ ጀርባቸውን ብታነቡ የሚያመሳስላቸው አንድም ነገር ላታገኙ ትችላላችሁ። በአንዱ ውስጥ ሲሊኮንና ኬራቲን አለ፤ በሌላው ካፌይንና የሮዝመሪ ዘይት። የተጻፈባቸው ቃል አንድ ነው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። አንደኛው ከራስ ቆዳ ወጥቶ የረዘመውን ዘለላ እንዳይሰበር ይከላከላል። ሌላኛው ከቆዳ ሥር ተቀምጦ ፀጉር የሚያበቅለውን ከረጢት ለማገዝ የተሠራ ነው። ዘለላው ሕይወት የለውም፤ ከረጢቱ ሕይወት አለው። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ብዙም አይፈይድም።

ብዙ ሰው ገንዘቡንና ወራቱን የሚያባክነው ይህን ባለመለየቱ ነው። ፀጉሩ መሀል ላይ እየተሰበረ የሥር ሴረም የሚቀባ አለ፤ ከሥሩ እየተነቀለ ኬራቲን በኬራቲን ላይ የሚደርብም አለ። ስለዚህ ጠርሙስ ከማንሳታችሁ በፊት የራሳችሁን ችግር እወቁ።

የሚሰበር ነው ወይስ የሚነቀል?

ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ነጭ ወይም ጥቁር ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ በደንብ እዩት። እንደ ሌላው ፀጉራችሁ ረጅም ከሆነና አንዱ ጫፉ ላይ ደቃቅ ነጭ እብጠት ካለው ከሥሩ የወጣ ነው። አጭር ከሆነና እብጠቱም ከሌለው መሀል ላይ የተሰበረ ነው። አሥር አሥራ አምስት ዘለላ ካያችሁ የትኛው እንደሚበዛ ይገባችኋል።

በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ከሥሩ ቢረግፍ ጤናማ ነው። ለሳምንታት ሹሩባ ተሠርቶ የቆየ ፀጉር ሲፈታ ግን የእነዚያ ቀናት እርጋፊ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ እፍኝ ሊሞላ ይችላል። ይህን አይተው የሚደነግጡ ብዙዎች ናቸው። ከመደንገጣችሁ በፊት የወጣውን ለቀናቱ ብዛት አካፍሉት።

በምን እንመዝን?

እኔ አንድን ንጥረ ነገር የምመዝንባቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። የሚሠራው የት ነው፣ ዘለላው ላይ ወይስ ሥሩ ላይ? በሰው ላይ ወይም ቢያንስ በእውነተኛ ፀጉር ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል? ሳቆመው ምን ይሆናል? ሊጎዳኝ የሚችለውስ በምን በኩል ነው?

አምስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘለው ጥያቄ «በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን ያህል ነው?» የሚለው ነው። በብዙ አገሮች ሕግ መሠረት ንጥረ ነገሮች የሚዘረዘሩት ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። መጠናቸው ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን አምራቹ በፈለገው ቅደም ተከተል ሊያስቀምጣቸው ይችላል። ታዲያ የ1 በመቶው ድንበር የት እንደሆነ በምን ይታወቃል? «ፌኖክሲኤታኖል» የሚለውን ምርቱ እንዳይበላሽ የሚጨመር መከላከያ ፈልጉ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ1 በመቶ መብለጥ ስለማይፈቀድለት፣ ከእሱ በኋላ የተዘረዘረው ሁሉ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው ብላችሁ ማሰብ ትችላላችሁ። ፊት ለፊት በትልቁ «ባለ ኬራቲን» ተብሎ፣ ጀርባው ላይ ኬራቲኑ ከፌኖክሲኤታኖልና ከሽቶው በኋላ ከመጣ፣ የከፈላችሁት ለስሙ ነው። ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም፤ ካፌይንና ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) በጥቂቱም ስለሚሠሩ መጨረሻ ላይ ቢገኙ አያስገርምም። ፕሮቲን፣ ዘይትና ሲሊኮን ግን ከፍ ብለው መገኘት አለባቸው።

ዘለላውን የሚይዙ

አንድ ዘለላ ፀጉር በአብዛኛው ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ነው። ውጪው እንደ ዓሣ ቅርፊት በተነባበሩ ስስ ሽፋኖች ተጠቅልሏል፤ ጥንካሬውን የሚሸከመው ውስጠኛው ክፍል ነው። ይህን ክፍል ሦስት ዓይነት ትስስሮች አጥብቀው ይይዙታል። አንዱ ውኃ ሲነካው ይላቀቅና ሲደርቅ ይመለሳል፤ እርጥብ ፀጉር እንደ ላስቲክ የሚሳበውና በቀላሉ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ሌላው በአሲድነት መጠን የሚለዋወጥ ነው። ሦስተኛው ከሰልፈር የሚገነባው ጠንካራው ትስስር ሲሆን፣ እሱን የሚበጥሱት የፀጉርን ቀለም የሚያነጣው ብሊችና ጥቅልል ፀጉርን የሚያቃናው ሪላክሰር ናቸው። ጥቅልል ፀጉር ደግሞ በየመታጠፊያው ጫና ስለሚያርፍበት፣ ኬሚካል ባይነካውም ከሉጫ ፀጉር ይበልጥ ለመሰበር የተጋለጠ ነው።

*ትስስር ጠጋኞች።* እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ገበያውን የለወጡት እነዚህ ናቸው። ዝርዝሩ ላይ «ቢስ አሚኖፕሮፒል ዳይግላይኮል ዳይማሌኤት» የሚል ረጅም ስም ካገኛችሁ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ማሌይክ አሲድ፣ ሲትሪክ አሲድ ወይም አጫጭር ፔፕታይዶች የሚጠቀሙም አሉ። ዓላማቸው የተበጠሰውን የውስጥ ትስስር መተካት ወይም ማገዝ ነው። እውነቱን ለመናገር አሠራራቸው በትክክል ምን እንደሆነ አሁንም ያከራክራል፤ ከሚጠቀሱት ሙከራዎች ብዙዎቹም የአምራቾቹ ናቸው። ቢሆንም ብሊች ለተደረገ ፀጉር ከሌሎቹ አስቀድሜ የምመርጠው ይህን ወገን ነው፤ ጉዳቱ ከደረሰበት ቦታ ለመድረስ የተሠራው እሱ ነውና። ኬሚካል ነክቶት ለማያውቅ ፀጉር ግን ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ የሚጠገን የተበጠሰ ነገር ጥቂት ነው።

*የተሰባበሩ ፕሮቲኖች።* ሙሉ ኬራቲን ከትልቅነቱ የተነሳ ወደ ዘለላው አይገባም። ስለዚህ ከስሙ በፊት «ሃይድሮላይዝድ» የሚል ቃል መኖሩን ተመልከቱ፤ ተሰባብሯል፣ አንሷል ማለት ነው። የኬራቲን፣ የስንዴ፣ የሐርና የሩዝ ፕሮቲን ሁሉም በዚህ መልክ ይመጣሉ። በጣም ደቃቆቹ ወደ ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ፤ ተለቅ ያሉት ከላይ ስስ ሽፋን ሆነው ይቀራሉ። «ሃይድሮክሲፕሮፒልትሪሞኒየም» የሚል ቃል ከፊት ከተጨመረበት ፕሮቲኑ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል እንዲይዝ ተደርጓል፤ የተጎዳ ፀጉር አሉታዊ ሙል ስለሚበዛበት ይበልጥ ይጣበቅበታል።

ፕሮቲን ሲበዛ ግን ይገለበጣል። ፀጉሩ እንደ ገለባ ይደርቃል፣ ይገተራል፣ ሲነካም ይሰበራል። ከዚያ ሰውየው «ገና አልጠነከረም» ብሎ ይጨምርበታል፤ ይህን ስሕተት ደጋግሜ አይቻለሁ። ቀላል መፈተኛ አለ፦ አንድ እርጥብ ዘለላ በቀስታ ሳቡ። ብዙ ተለጥጦ የማይመለስ፣ የሚልፈሰፈስ ከሆነ ፕሮቲን ይጠቅመዋል። ሳይለጠጥ ቀጭ ብሎ ከተበጠሰ የሚፈልገው እርጥበትና ማለስለሻ ነው። ለስንዴ አለርጂ ያለበት ሰው የስንዴ ፕሮቲን ያለበትን ይተው።

*ዘይቶች።* ሁሉም ዘይት አንድ አይደለም። የኮኮናት ዘይት ላውሪክ አሲድ ስለሚበዛበትና ሞለኪውሉ አነስተኛና ቀጥ ያለ ስለሆነ ወደ ዘለላው ውስጥ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ከሱፍ ዘይትና ከማዕድን ዘይት ጋር አወዳድሮት፣ ፀጉር በሚታጠብበት ጊዜ የሚያጣውን ፕሮቲን የቀነሰው የኮኮናት ዘይቱ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በተለይ ከመታጠብ በፊት ሲቀባ ጥሩ ይሠራል። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ በትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚሰጠው ይህ ነው እላለሁ። አርጋንና ጆጆባ ላይ ላዩን ያለሰልሳሉ፣ ያበራሉ፤ ከዚያ አያልፉም።

*ሲሊኮን።* ስሙ ያለ አግባብ ጠፍቷል። «ዳይሜቲኮን» ዘለላውን አለስልሶ ማበጠሪያና ትራስ የሚያደርሱትን ፍትጊያ ይቀንሳል፤ ፒያስትራ ለሚጠቀም ሰው የሙቀቱን ጉዳትም ያበርድለታል። «አሞዳይሜቲኮን» ደግሞ የተጎዳው ቦታ ላይ መርጦ የሚጣበቅ ነው። ውስጡን አይጠግኑም፤ መሰበርን መከላከል ግን በትክክል ይችላሉ፣ ውጤታቸውም በዚያው ቀን ይታያል። ችግሩ በውኃ ብቻ አለመልቀቃቸው ነው፤ የሚያጸዳ ሻምፖ በየጊዜው ካልተጠቀማችሁ ይደራረባሉ፣ ፀጉሩም ይከብዳል።

ፓንቴኖል፣ ማለትም የቫይታሚን ቢ5 መነሻ፣ እርጥበት ሳቢ ነው። ሴራማይዶች የሽፋኑን ቅባት ይደግፋሉ። ሁለቱም ጥሩ አጋዦች ናቸው፤ ለእነሱ ብቻ ተብሎ ግን ውድ ሴረም አይገዛም።

ሥሩን የሚመለከቱ

*ሚኖክሲዲል።* ይህ መድኃኒት ነው፤ ከመዋቢያ ጋር አንድ ላይ አይቆጠርም። መጀመሪያ ለደም ግፊት በሚዋጥ መልክ የተሠራ ሲሆን፣ በአሜሪካ የሚቀባው ዓይነት ለፀጉር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በ2 በመቶና በ5 በመቶ ጥንካሬ ይገኛል። በዘር ለሚመጣ መሳሳት፣ ከሚቀቡት ነገሮች ሁሉ ጠንካራው ማስረጃ ያለው ለእሱ ነው። ታዲያ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሩ ይበልጥ ሊረግፍ ይችላል፤ አሮጌው ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ ነው። ሲያቆሙት ደግሞ የተገኘው ፀጉር በጥቂት ወራት ውስጥ ይረግፋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አይጠቀሙትም፤ የልብ ሕመም ያለበትም መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ቤታችሁ ድመት ካለች በጣም ተጠንቀቁ፤ በትንሹ እንኳ ሊገድላት ይችላል።

*ካፌይን።* እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሙከራ 0.2 በመቶ ካፌይን ያለበትን የሚቀባ ፈሳሽ ከ5 በመቶ ሚኖክሲዲል ጋር በወንዶች ላይ ለ6 ወራት አወዳድሮ፣ ከእሱ እንደማያንስ አሳይቷል። ተስፋ ሰጪ ነው። ይሁንና ምንም መድኃኒት የሌለበት ሦስተኛ ቡድን አልነበረም፤ አንድ ሙከራም አሥር አይሆንም። በሻምፖ መልክ ከመጣው ይልቅ ሳይታጠብ ራስ ላይ የሚቆየውን ምረጡ።

*የሮዝመሪ (የጥብስ ቅጠል) ዘይት።* ዝናው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣ ሙከራ ነው። 100 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ ሮዝመሪ፣ ገሚሶቹ 2 በመቶ ሚኖክሲዲል ለ6 ወራት ተቀቡ፤ ሁለቱም ቡድኖች ተቀራራቢ ለውጥ አሳዩ፣ ለውጡም የታየው በሦስተኛው ሳይሆን በስድስተኛው ወር ነበር። «ሮዝመሪ ከሚኖክሲዲል እኩል ነው» የሚለው ወሬ ከዚህ የተቀዳ ነው። የተወዳደረው ግን ከደካማው ጥንካሬ ጋር ነው፣ የተሳታፊዎቹም ቁጥር ትንሽ ነው። መሞከር ለሚፈልግ ሰው አልከለክልም፤ ያልተበረዘውን ዘይት በቀጥታ ቆዳ ላይ ማፍሰስ ግን ያቃጥላል፣ አለርጂም ሊያስነሳ ይችላል።

*ፔፕታይዶች።* የመዳብ ፔፕታይድ፣ «ባዮቲኖይል ትራይፔፕታይድ-1»፣ «አሴቲል ቴትራፔፕታይድ-3» ውድ ሴረሞች ላይ የሚደጋገሙ ስሞች ናቸው። በቤተ ሙከራ ያለው መረጃ ያጓጓል፤ በሰው ላይ ያለው ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜም ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተቀላቅለው ስለሚሞከሩ የትኛው እንደሠራ መለየት ያስቸግራል። ገንዘብ ለተረፈው የሚሆኑ ናቸው።

*ባዮቲን።* ጠርሙሱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው እሱ ነው፤ ራስ ላይ ሲቀባ ፀጉር እንደሚያበቅል ግን አልተረጋገጠም። የሰውነት ባዮቲን እጥረትም ብርቅ ነው። በብዛት የሚዋጠው ኪኒን ደግሞ የደም ምርመራ ውጤት እንደሚያዛባ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 አስጠንቅቋል፤ ለድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚደረገው የትሮፖኒን ምርመራም ከእነዚህ አንዱ ነው። የምትወስዱት ከሆነ ምርመራ ከማድረጋችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ።

*የጉሎ ዘይት።* ወፍራምና ሸፋኝ ስለሆነ ፀጉሩን የበዛ ያስመስለዋል። ፀጉር ስለ ማብቀሉ አስተማማኝ ማስረጃ የለም፤ ረጅም ፀጉር ላይ በብዛት ተደፍቶ ፀጉሩ እንደ ብርድ ልብስ ተጣብቆ መቆረጥ የግድ የሆነበት አጋጣሚ በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል።

አብሮ የመጣውንም እዩ

ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ «አልኮል ዴናት» ወይም «አይሶፕሮፒል አልኮል» ካለ ደረቅ ፀጉርን ይበልጥ ያደርቃል። «ሴቲል»ና «ሴቴአሪል አልኮል» ግን ስማቸው ቢመሳሰልም የሚያለሰልሱ ቅባቶች ናቸው፤ አትሽሿቸው። ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው «ፓርፈም» (ሽቶ) የሌለበትን ይምረጥ። «ዲኤምዲኤም ሃይዳንቶይን» ቀስ እያለ ቆዳን ሊያስቆጣ የሚችል ፎርማልዴሃይድ የሚለቅ መከላከያ ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ራስ ላይ ለሚቆይ ነገር እኔ አልመርጠውም። ፎርፎር ያለበት ሰው ደግሞ ዘይት የበዛበትን ሴረም ከዘለላው አልፎ የራስ ቆዳው ላይ ባያደርስ ይሻላል፤ ፎርፎርን የሚያባብሰው እርሾ የሚመገበው ከዘይት የሚገኙ የቅባት አሲዶችን ነው።

በአንድ እይታ

| ንጥረ ነገር | የሚሠራበት | የማስረጃው ጥንካሬ | ለውጥ የሚታየው | ዋናው ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|
| ትስስር ጠጋኝ | ዘለላ | መካከለኛ፣ ብዙው ከአምራች | ከ1 እስከ ጥቂት አጠቃቀም | ላልተጎዳ ፀጉር ብዙ አይጠቅምም |
| ሃይድሮላይዝድ ፕሮቲን | ዘለላ | መካከለኛ | በሳምንታት | ሲበዛ ያገትራል |
| የኮኮናት ዘይት | ዘለላ | ጥሩ | በሳምንታት | ፎርፎር ላለበት ቆዳ አይሁን |
| ሲሊኮን | ዘለላ፣ ላይ ላዩን | ጥሩ | በዚያው ቀን | ይደራረባል |
| ፓንቴኖል፣ ሴራማይድ | ዘለላ | መጠነኛ | በቀናት | ለብቻው አይበቃም |
| ሚኖክሲዲል | ሥር | ጠንካራ | ከ4 እስከ 6 ወር | ሲቆም ውጤቱ ይጠፋል |
| ካፌይን | ሥር | ተስፋ ሰጪ | 6 ወር ገደማ | ማስረጃው ጥቂት |
| ሮዝመሪ | ሥር | ትንሽ | 6 ወር ገደማ | ያልተበረዘ አይቀባ |
| ፔፕታይድ | ሥር | ደካማ | ወራት | ውድ |
| ባዮቲን፣ የጉሎ ዘይት | ሥር ነው ይባላል | የለም ለማለት ይቀላል | – | ለስሙ አትክፈሉ |

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ብሊች ወይም ሪላክሰር ተጠቅማችሁ ፀጉራችሁ የሚሰበር ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ትስስር ጠጋኝ ላይ አውሉ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በቂ ነው። በላዩ ላይ አሞዳይሜቲኮን ያለበት ርካሽ ሴረም ጨምሩበት። ሁለቱን በአንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ውድ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። አቅማችሁ ለትስስር ጠጋኝ ካልደረሰ፣ ከመታጠብ በፊት የኮኮናት ዘይት፣ ከታጠቡ በኋላ ደግሞ ሲሊኮን ያለበት ቀላል ሴረም በትንሽ ወጪ ብዙ መንገድ ይወስዳችኋል።

ኬሚካል ያልነካው ጥቅልል ፀጉር ካላችሁና ጫፉ የሚበጣጠስ ከሆነ ፕሮቲኑን ቀንሱ፤ ፓንቴኖል፣ ዘይትና ሲሊኮን ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ችግሩ የፒያስትራ ሙቀት ከሆነ ደግሞ ሲሊኮን ሳይቀቡ አለመጀመር፣ ሙቀቱንም ከ180 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ አለማድረግ ከየትኛውም ውድ ጠርሙስ ይበልጣል።

አናታችሁ ወይም የመለያያው መስመር እየሳሳ ከሆነ፣ በቤተሰባችሁም ይህ ካለ፣ አነስተኛም ሆነ ትልቅ በጀት ቢኖራችሁ መጀመሪያ ሚኖክሲዲል ላይ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። መድኃኒቱን የማትፈልጉ ወይም የማይፈቀድላችሁ ከሆነ ካፌይን ያለበት ሴረም ለ6 ወራት መሞከር ምክንያታዊ ምርጫ ነው። ፔፕታይድ ያለበትን የምመክረው፣ ይህን ሁሉ አድርጎ ገንዘብ ለሚተርፈው ብቻ ነው።

ግንባርና ጆሮ አካባቢ ብቻ የሚሳሳ ከሆነ ግን ሴረሙን ተዉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ጠብቆ የሚሠራው ሹሩባ ወይም የሚጎተተው አስተሳሰር ላይ ነው። ቶሎ ከላላ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቆየ ከረጢቱ ጠባሳ ይሆንና አይመለስም። ከከባድ ትኩሳት፣ ከወሊድ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ በብዛት የሚረግፍ ፀጉርም ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል፤ በዚያ ወቅት የተገዛ ሴረም የማይገባውን ምስጋና ያገኛል። በክብ በክብ የሚመለጥ፣ የሚያሳክክ፣ የሚያቆስል ወይም ከድካም ጋር የሚመጣ ከሆነ የቆዳ ሐኪም ይየው፤ የብረት እጥረትም የታይሮይድ ችግርም በደም ምርመራ ይታወቃሉ።

የመረጣችሁትን ሴረም ከመጀመራችሁ በፊት ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ጠብቁ። ካልቆጣ አንድ ብቻ ጀምሩ፤ ሁለት አዳዲስ ነገር በአንድ ጊዜ ከጀመራችሁ የረዳውንም የጎዳውንም አታውቁትም። የሥር ሴረም ከሆነ በየወሩ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን፣ የመለያያውን መስመር ፎቶ አንሡ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ ከሦስተኛው ወር በፊት ያለው ፎቶ ምንም ባያሳያችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በስድስተኛው ወር ከመጀመሪያው ጋር አስተያይታችሁ ልዩነት ካላገኛችሁ ግን ሁለተኛ ጠርሙስ አትግዙ።